ውል የሚጠናበትና የሚላላበት፦ የኢትዮጵያ ሕግ ስምምነትን መቼ አላስፈጽምም ይላል?

በብዙ ቤት፣ ከቁም ሣጥኑ ታችኛ መሳቢያ፣ ከክትባት ካርድና ከመብራት ደረሰኝ ጋር በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ወረቀት አለ። የቤት ሽያጭ ውል ነው። ሻጭ «ወድጄና ፈቅጄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ» ሸጫለሁ ይላል፤ ገዢም ገዝቻለሁ ይላል። ሦስት ምስክሮች ፈርመውበታል። ውሉን ያፈረሰ ለመንግሥትም ለውል አክባሪውም መቀጫ እንዲከፍል ተጽፎበታል። ከግርጌው ደግሞ የማይቀር ማሰሪያ አለ፦ ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው።

ውል ጸሐፊው ቁጥሮቹን በቃሉ ይዟቸዋል፤ ተዋዋዮቹም እንደ ማኅተም ያምኑባቸዋል። ነገር ግን አንቀጽ 1731 ማንኛውም ውል የጸና ነው አይልም። ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ የሚሆነው በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ነው። «በሕግ አግባብ» ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ ተመልሶ ከ1678 እስከ 1730 ያሉትን 53 አንቀጾች ማንበብ ያስፈልጋል። የፌስታሉ ወረቀት ስለእነሱ አንድም ነገር አይናገርም። ብዙ ሰው የሚሸነፈውም በ1731 ሳይሆን በእነዚህ በዘለላቸው አንቀጾች ነው።

ይህ ዳሰሳ የኢትዮጵያ ሕግ «ይህን ስምምነት አላስፈጽምም» የሚልባቸውን በሮች አንድ በአንድ ይዞራል። ዙሩ ሲያልቅ የሚገኘው ነገር ከተለመደው ግምት የተለየ ነው። ሰው ፍርድ ቤት ሲሄድ «ውሉ ከበደኝ፣ ጎዳኝ» ብሎ ያመለክታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ክብደቱን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አወላለዱን ነው። ማን ፈቀደ? እንዴት ፈቀደ? በምን ላይ ተስማማ? በምን መልክ ጻፈው? ከእነዚህ በአንዱ ካልወደቀ፣ የከበደውም ውል እንደ ከበደ ይጸናል።

ከቁራኛ ወደ ችሎት

ከዘመናዊው ሕግ በፊት ውልን የሚያስፈጽመው በዋናነት ሰው ነበር። ዳኛው ፍትሐ ነገሥትንና የአገሩን ልማድ ይዞ ይፈርዳል፤ የውሉ ጉልበት ግን ዋሱ ነው። ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር ይቆራኛል። ነጠላ ከነጠላ ተቋጥሮ ወይም እጅ ለእጅ በሰንሰለት ታስረው አብረው ይውሉ ነበር። ዛሬ «የቁም ቁራኛ» ስንል የምናስታውሰው ያንን ነው። «በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይታሰራል» የሚለው ተረትም በዚያ ዘመን ጆሮ ምሳሌ ብቻ አልነበረም።

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ቁራኛን በአንድ አንቀጽ ዘጋው ማለት ይቻላል። በአንቀጽ 1776 መሠረት ዳኛ «ውሉን እንደ ቃልህ ፈጽም» ብሎ ማስገደድ የሚችለው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፦ ጠያቂው በአፈጻጸሙ የተለየ ጥቅም ሲኖረውና አፈጻጸሙ የባለዕዳውን የግል ነጻነት የማይነካ ሲሆን። ስለዚህ ሙዚቀኛ በሠርግ ላይ እዘፍናለሁ ብሎ ቢቀር፣ ፖሊስ አስይዞ መድረክ ላይ የሚያወጣው ዳኛ የለም። መሥሪያ ቤት አስተምሮት አምስት ዓመት አገለግላለሁ ብሎ የፈረመ ሠራተኛም ተጎትቶ ወደ ወንበሩ አይመለስም። የሚጠየቀው ገንዘብ ነው። ሰው በቃሉ ይታሰራል፤ የሚታሰረው ግን ኪሱ ነው፣ አካሉ አይደለም።

የፈቀደው ማን ነው? እንዴትስ ፈቀደ?

የመጀመሪያው በር ሰውየው ራሱ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅና በፍርድ የተከለከለ ሰው በራሳቸው የሚያደርጉት ውል ሊፈርስ ይችላል። ይህ ብዙ የሚያከራክር አይደለም።

የሚያከራክረው ሁለተኛው ነው። ሰውየው ችሎታ አለው፤ ፈርሟልም፤ ነገር ግን ፈቃዱ የእውነት ነበር? ሕጉ ሦስት ጉድለቶችን ይቆጥራል፦ ስህተት፣ ተንኮልና መገደድ። ሦስቱም ግን ጠባብ ናቸው። ስህተት ውል የሚያፈርሰው ተዋዋዮቹ ዋና ነገር ብለው በያዙት ጉዳይ ላይ ሲሆን ነው። የሒሳብ ስህተት ይታረማል እንጂ ውሉን አያፈርስም። ነጋዴ ዕቃውን ማሞገሱ ብቻውን ተንኮል አይባልም፤ ሌላው ወገን ባይታለል ኖሮ ባልተዋዋለ ነበር የሚያሰኝ ማታለል ያስፈልጋል። መገደድም ቢሆን ምክንያታዊ ሰውን የሚያስፈራ፣ በራስ ወይም በቅርብ ዘመድ ሕይወት፣ አካል፣ ክብር ወይም ንብረት ላይ የመጣ ከባድና የማይቀር አደጋ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ሕጉ የእኛን አገር ሕይወት በደንብ የሚያውቅ የሚመስልባቸው ሁለት አንቀጾች አሉ። አንዱ ስለ አክብሮት ፍርሃት ነው። አባት ልጁን፣ አለቃ ሠራተኛውን «ፈርም» ሲለው እምቢ ማለት የሚከብድበት ቤት ብዙ ነው። አንቀጽ 1709 እንዲህ ያለው ፍርሃት ብቻውን ውል አያፈርስም ይላል፤ ነገር ግን የተፈራው ሰው ራሱ ተዋዋይ ሆኖ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ካገኘበት ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ሌላው «እከስሃለሁ» የሚለው ዛቻ ነው። መብትን ለመጠቀም መዛት ማስገደድ አይደለም። በዚያ ዛቻ ከመብቱ በላይ የሆነ ጥቅም ለመጭመቅ ከተሞከረ ግን ይሆናል። «ዕዳህን ክፈል፣ አለበለዚያ እከሳለሁ» ያለ ሰው አላጠፋም። «ቤትህን በግማሽ ዋጋ ሽጥልኝ፣ አለበለዚያ እከስሃለሁ» ያለው ግን ሌላ መንገድ ጀምሯል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ሌላ መከላከያ አንቀጽ 1686 ነው። ነጋዴ ወይም ድርጅት ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት አድርጎ ያተመው የውል ሁኔታ፣ ሌላው ወገን አውቆ ካልተቀበለው ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን ካልወሰነው ወይም ካላጸደቀው በስተቀር አያስገድደውም። ከትኬቱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የታተመው፣ በልብስ ንጽሕና ቤት ግድግዳ የተለጠፈው፣ በስልክ መተግበሪያ ላይ ሳናነብ «ተስማምቻለሁ» የምንለው ሁሉ በዚህ ወንፊት ማለፍ አለበት። ችግሩ ሌላ ነው፦ ባንክ ቤት ገብቶ አሥራ ሁለት ገጽ ላይ ስሙን የጻፈ ሰው ዳኛ ፊት «አላነበብኩም» ቢል ፊርማው ራሱ ይመሰክርበታል።

የከበደ ውል ይፈርሳል?

ብዙ ሰው ተስፋ የሚያደርገው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያዝነውም እዚህ ነው። አንቀጽ 1710 በግልጽ ይጀምራል፦ የአንዱ ጥቅም ከሌላው በጣም መብለጡ ብቻውን ውልን አያፈርስም። ለዚህ የተቀመጠው ልዩ ሁኔታ ጠባብ ነው። ፍትሕ የሚያስገድድ ሲሆን፣ የተጎዳው ወገን ፈቃድ የተገኘውም ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ እርጅናውን ወይም በግልጽ የሚታይ የንግድ ልምድ ማጣቱን መጠቀሚያ በማድረግ ከሆነ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ልብ ይበሉ፣ እዚህም ቢሆን ጥያቄው ወደ አወላለዱ ይመለሳል። ዋጋው ማነሱ ብቻ አይበቃም። ታማ የተኛች እናት ለመድኃኒት ብላ መሬት ላይ የወደቀ ዋጋ ስትቀበል፣ ገዢው ያንን ችግር አይቶ የተጠቀመበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ውሉ ከተወለደ በኋላ ዓለም ሲለወጥስ? ሕጉ እዚህ ፊቱን ያጠቁራል። አንቀጽ 1763 ዳኛ ለርትዕ ብሎ ውልን እንዳያሻሽል ይከለክላል፤ የሚፈቀድለት ሕግ በግልጽ ባስቀመጣቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ቀጥሎ ያለው 1764 ደግሞ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ ጸንቶ ይቆያል ይላል። «ከአቅም በላይ» የሚባለውም የተወሰነ ነው፦ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል፣ አፈጻጸሙን ፈጽሞ የሚከለክል ነገር መሆን አለበት። ጦርነት፣ የተፈጥሮ አደጋ፣ የመንግሥት ክልከላ፣ የባለዕዳው ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም በምሳሌነት ተጠቅሰዋል። በአንጻሩ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር ወይም መውረድ ከአቅም በላይ እንደማይባል አንቀጽ 1794 ቁልጭ አድርጎ ይናገራል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ይህ አንቀጽ ከወረቀት ወጥቶ ኑሮ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብረት፣ ሊፍት፣ አሉሚኒየም በዶላር የሚያስመጣ ተቋራጭ በአሮጌው ዋጋ የፈረመውን ሥራ እንዴት ይጨርሰው? ከጎኑ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ ቤቱን የሚጠብቅ ገዢ አለ። ሕጉ ለገዢው ያደላል፦ ዋጋ ናረ ብሎ ከውል መውጣት የለም። ለተቋራጩ የቀረው መንገድ ውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ ሐረግ አስገብቶ ከሆነ እሱን መጥራት፣ ካላስገባ መለማመጥ፣ ወይም ቢበዛ ከ6 ወር የማይበልጥ የእፎይታ ጊዜ ዳኛውን መለመን ነው። ርኅራኄው የጊዜ እንጂ የዋጋ አይደለም።

የመቀጫ ሐረግም በዚሁ ጠባይ የታነጸ ነው። ጉዳት ባይደርስም መቀጫው ይከፈላል። ዳኛው ሊቀንሰው የሚችለው ውሉ በከፊል ተፈጽሞ ሲገኝ ነው። «ውሉን ያፈረሰ 500 ሺህ ብር ይክፈል» የሚለውን በሞቅታ የሚያጽፍ ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ሊሸጥ የማይችል ነገር

ሦስተኛው በር የውሉ ጉዳይ ነው። አንቀጽ 1716 ሕገወጥ ወይም ለሥነ ምግባር ተቃራኒ የሆነ ጉዳይ ያለውን ውል ዋጋ ያሳጣዋል። በሌላው ዓለም የዚህ አንቀጽ ምሳሌ አደንዛዥ ዕፅ ወይም ጉቦ ነው። በኢትዮጵያ ግን ትልቁ ምሳሌ መሬት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ከዞሩ በኋላ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። የሚሸጠው በመሬቱ ላይ የተሠራው ነገር ነው።

ስለዚህ ገበያው ቋንቋውን ለወጠ። «ባዶ ቦታ» የሚል ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ «በይዞታው ላይ የሚገኝ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት» ይባላል። ጭቃ ቤቱ አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ይቆማል፤ «ጨረቃ ቤት» የሚል ስም ያገኘውም ለዚህ ነው። ክርክር ተነስቶ ዳኛው ሽያጩ በእውነት የመሬት እንደሆነ ካገኘው ግን የጭቃው ግድግዳ ውሉን አያድነውም።

በዕጣ የደረሰ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም የራሱ ታሪክ አለው። ባለዕጣው ቤቱን እስከ 5 ዓመት ለሦስተኛ ወገን እንዳይሸጥ ሕግ ከለከለ። ሰው ግን ሸጠ። የሽያጩ ገንዘብ «ብድር» ተባለ፤ ከብድሩ ውል ጋር «ቤቱን እንዲሸጥ እንዲለውጥ» የሚል ውክልና ለገዢው ተሰጠ። ገዢው «የማይሻር ውክልና» ይዣለሁ ብሎ ይተማመናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር እንደሚችል፣ ይህን የሚቃረን ስምምነትም ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ወካዩ ሲሞትም ውክልናው አብሮት ይሞታል። ያን ጊዜ በገዢው እጅ የሚቀረው ራሱ ያጻፈው የብድር ውል ነው፤ ቤት የገዛ ሰው አበዳሪ ሆኖ ይገኛል።

ገንዘብ ነክ ስምምነቶችም ጣሪያ አላቸው። የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያዛል፤ አራጣ ደግሞ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ለዚህ ነው የአራጣ ውል ላይ ወለድ ተጽፎ የማይታየው። 100 ሺህ የወሰደ ሰው 200 ሺህ ተበድሬያለሁ ብሎ ይፈርማል። የመያዣ ሕጉም ተመሳሳይ ስጋት አለው፦ «ካልከፈልኩ መያዣው ያንተ ይሁን» ወይም «ያለ ሕጉ ሥርዓት ሽጠው» የሚል ስምምነት ዋጋ የለውም፤ የተጨነቀ ተበዳሪ ምን እንደሚፈርም ሕግ አውጪው ያውቀዋልና። ይሁን እንጂ ለባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ልዩ በር ተከፈተላቸው፦ በውሉ ከተፈቀደላቸው መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ። ከጎረቤት የሚበደር ሰውን የሚጠብቀው አንቀጽ ከባንክ የሚበደረውን አይጠብቀውም ማለት ነው።

ወረቀቱ፣ ምስክሩ፣ ማኅተሙ

አራተኛው በር የውሉ መልክ ነው፤ ትልቁ ወጥመድም ይኸው ነው። መሠረቱ ነጻ ነው፦ ሕግ የተለየ መልክ ካላዘዘ ውል በቃልም ይጸናል። ችግሩ ሕግ መልክ ያዘዘባቸው ውሎች የኑሯችን ዋና ዋናዎቹ መሆናቸው ነው። የታዘዘው መልክ ካልተሟላ ደግሞ፣ በአንቀጽ 1720 መሠረት፣ በእጃችን ያለው ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም።

ዋስትናን እንውሰድ። በመንደር ደረጃ «እኔ አለሁለት» ማለት ክብር ነው። በሕግ ፊት ግን የቃል ዋስትና ዋስትና አይባልም፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። በጽሑፍ ቢሆንም ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰ ዋጋ የለውም። «ላጠፋው ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚለው ለጋስ ዓረፍተ ነገር ዋሱን የሚያድነው ለዚህ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም በጽሑፍ ካልሆነ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ በእምነት ወይም በመሐላ ካላረጋገጠ አይረጋገጥም። ሕጉ ሲጻፍ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለጓደኛ ያለ ወረቀት የሚሰጠው እጥፍ ድርብ ነው።

ጣቱን የጫነው ሰውም ልዩ ጥበቃ አለው። ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ተዋዋይ ፊርማው ወይም የጣት አሻራው የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። ይህ አንቀጽ ገጠር ውስጥ በቅጡ ቢታወቅ ብዙ የእርሻ ኪራይ ወረቀት ጥያቄ ውስጥ ይገባ ነበር።

ከሁሉ የሚያነጋግረው ግን አንቀጽ 1723 ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» ብሎ የሚጠራው ቢሮ የኖረው ለዚህ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል ከረቂቅ አያልፍም አለ። ያ ዘመን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የሰበር ችሎቱ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ማስገደድ የጀመረበት ነው። ውሳኔው በአንድ ቀን የሺዎች መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ የተሸጠ ቤት ዋጋ ሲጨምር ሻጩ ማስታወስ ጀመረ። «አልሸጥኩም» አይልም፤ «ሸጫለሁ፣ ነገር ግን አልተመዘገበም» ይላል። ችሎቱ ራሱ የዚህን መዘዝ አይቶ፣ በኋላ በተሰጡ ውሳኔዎች ሻጩ ሽያጩን ካመነ የምዝገባ ጉድለት ብቻውን ውሉን አያፈርስም ወደሚል አቅጣጫ አዘነበለ። ይህ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን የራሱ ጠማማነት አለው። በእውነት የተናገረ ሻጭ ይሸነፋል፤ «አላውቀውም» ብሎ የካደ ያሸንፋል። የሕጉ መልክ ተንኮልን ለመከላከል ተሠርቶ፣ ተንኮለኛውን የሚሸልም ሆኖ ተገኘ። ይባስ ብሎ አዋጅ ቁጥር 639/2001 ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ከማይንቀሳቀስ ንብረት ጋር የተያያዘ የብድር ውላቸውን እንዲያስመዘግቡ አይገደዱም አለ። የምዝገባው ሸክም የቀረው ተራው ሰው ላይ ነው።

የትዳር ጓደኛም እዚሁ ይነሳል። የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማችው ሚስት ወይም ያልተስማማው ባል ሽያጩን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር፣ ቢዘገይ ከውሉ ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላሉ። ሦስት ምስክር ቆጥሮ የሻጩን ሚስት ያልጠየቀ ገዢ ብዙ ነው።

ከፈረሰ በኋላ

ውል ሲፈርስ ሕጉ ተዋዋዮቹን በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመልሳል። በወረቀት ላይ እኩልነት ይመስላል፤ በብር ሲቆጠር ግን አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት በ300 ሺህ ብር የተሸጠ ቤት ዛሬ ወደ ሻጩ ሲመለስ በሚሊዮኖች ይገመታል፤ ወደ ገዢው የሚመለሰው 300 ሺህ ግን የቀድሞው 300 ሺህ አይደለም። መመለሱ የማይቻል ወይም ከፍ ያለ ችግር የሚያስከትል ከሆነ የተፈጸመው እንዲጸና ሕጉ መንገድ ትቷል፤ ዳኞች በዚህ በር ቢጠቀሙ ብዙ እንባ ይቀር ነበር።

ማን መጠየቅ እንደሚችልም ይለያያል። በፈቃድ ጉድለት ወይም በችሎታ ማጣት ውል እንዲፈርስ የሚጠይቀው የተጎዳው ወገን ብቻ ነው፤ እሱም ምክንያቱ ከቀረ በ2 ዓመት ውስጥ። የውሉ ጉዳይ ሕገወጥ ከሆነ ወይም መልኩ ካልተሟላ ግን ማንኛውም ተዋዋይ፣ ጥቅም ያለው ሦስተኛ ወገንም ጭምር ያነሳዋል። ከሳሽ ለመሆን የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት በየትኛው በር እንደሚገባ መምረጥ አለበት፤ በተሳሳተ በር የገባ ይርጋ ይጠብቀዋል።

ክብደቱን መመዘን የጀመሩ አዋጆች

እስካሁን ያየነው ሕግ ሁለት እኩያ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሲደራደሩ ያስባል። ሠራተኛና አሠሪ፣ ተከራይና አከራይ፣ ሸማችና ነጋዴ ግን እኩያ አይደሉም። ስለዚህ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጎን ሌላ ረድፍ አድጓል፤ እሱ አወላለድን ብቻ ሳይሆን ይዘትንም ይመዝናል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ወድዶና ፈቅዶ የዓመት እረፍቴን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም ስምምነቱ ዋጋ የለውም፤ የሙከራ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀናት አያልፍም። ሱቅ ውስጥ የተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛን ሸማች አያስርም፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ከሁሉ ርቆ ሄዷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር እንዳያልፍ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው ልክ እንዲሆን አዟል። «የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልክ ቁልፍ የለም» የሚለው አከራይ ተከራዩ ቢስማማም ሕግ አይደግፈውም።

ይህ ረድፍ የሚያልቅበት ቦታም አለ፤ እሱም ድንበር ነው። ወደ ዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የምትሄድ ልጅ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት መንግሥት ያጸደቀው ዝቅተኛ ሁኔታ ያለበት ውል ይዛ ትወጣለች፤ የላካት ኤጀንሲም ከአሠሪዋ ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ነው። ስትደርስ ግን በማታነበው ቋንቋ ሁለተኛ ወረቀት ሊቀርብላት ይችላል፤ ፓስፖርቷ በሌላ ሰው መሳቢያ ውስጥ ነው። ያ ሁለተኛው ወረቀት በእኛ ሕግ መነጽር ሲታይ በሁሉም በር ይወድቃል፦ ፈቃዷ እውነተኛ አይደለም፣ ችግሯ መጠቀሚያ ሆኗል፣ ይዘቱ ከዝቅተኛው በታች ነው። ቢሆንም እሷ ቆማ የምትሟገትበት ችሎት እዚህ አይደለም። የውል ወሰን በሕግ መጻፉ አይበቃም፤ ወሰኑን የሚያስከብር ዳኛ በእግር የሚደረስበት ቦታ መኖር አለበት።

ከማሰሪያው በፊት

ዙሩን ስንጨርስ የኢትዮጵያ የውል ሕግ ሁለት ፊት ያለው ሆኖ ይገኛል። አሮጌው ፊት ጨካኝ ይመስላል፤ ግን ግልጽ ነው፦ ያለማታለል፣ ያለማስገደድ፣ በሚፈቀድ ነገር ላይ፣ በታዘዘው መልክ ከተዋዋልክ ቢከብድህም ተሸከመው። አዲሱ ፊት ደግሞ አንዳንድ ሸክም ፈቃደኛ ትከሻ ላይም ቢሆን አይጫንም ይላል። በሁለቱ መካከል የቆመው የ1723 መልክ ግን የትኛውንም ዓላማ በአግባቡ አያገለግልም። የምዝገባ ግዴታው ለተራው ሰው ቀላልና ቅርብ እስካልሆነ ድረስ፣ ወይም ዋጋ ከፍሎ የገባ ገዢ በሻጩ ክህደት እንዳይወድቅ ሕግ አውጪው እስካላረመው ድረስ፣ ከፌስታሉ ወረቀቶች ውስጥ ስንቱ እንደሚጸና የሚወስነው የሻጩ ሕሊና ሆኖ ይቀጥላል።

እስከዚያው ድረስ ለውል ጸሐፊው አንድ ነገር መጠየቅ ይቻላል። «በ1731 መሠረት የጸና ነው» የምትለውን ማሰሪያ ከመጻፍህ በፊት ብዕርህን አንሳና ተዋዋዮቹን ጠይቅ፦ ሚስትህ ታውቃለች? የምትሸጠው ቤት ነው ወይስ መሬት? ዋሱ እስከ ስንት ብር? የሚነበብላት አለ? ነገ ጠዋት አብረን ውልና ማስረጃ እንሂድ? መልሱ ካልተገኘ ማሰሪያው የሚያስረው ነገር የለም።